የአባቴ ጡረታ አዲስ አበባ ይገባል፤ አሜሪካ ላይ ታክስ አለበት?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደረሰን ጥያቄ ረዘም ያለ ነበር። አሳጥሬ ላቅርበው።

«አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ30 ዓመት በላይ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። አመልክቼላቸው በ2024 ከእናቴ ጋር በግሪን ካርድ መጡ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ሁለቱም እኔ ጋ ነው የሚኖሩት፣ እዚህ አይሠሩም። የአባቴ ጡረታ በወር 8,400 ብር ነው። አዲስ አበባ ባለው የባንክ ሒሳባቸው ይገባል፣ ወንድሜ በውክልና ያወጣዋል። ከዚያ ገንዘብ ወደ አሜሪካ የመጣ ሰባራ ሳንቲም የለም። ኢትዮጵያም ግብር አልተቆረጠበትም። እኔ ባል የለኝም፤ የ2025 ታክሴን ስሞላ ሁለቱንም ዲፔንደንት (በእኔ የሚተዳደሩ) አድርጌ ልይዛቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አባት ‹የውጭ ሶሻል ሴኩሪቲ አሜሪካ ታክስ አይደረግም፤ እኔ የጀርመኑን ስቀበል ስንት ዓመቴ፣ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም› አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ‹ካላሳወቁ ግሪን ካርዳቸውን ይቀማሉ› አለኝ። የቱን ልመን? ለነገሩ ሳሪስ ያለው ቤታቸውም በወር 40,000 ብር ተከራይቷል።»

የጀርመኑን ጡረታ የሚቀበሉት አባት አልዋሹም። ስለ ራሳቸው ትክክል ናቸው። ችግሩ የእሳቸው ነገር ለአባትዎ አይሠራም። ሁለተኛው ሰው የነገረዎት ግን የሰፈር ወሬ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መልሱን ላስቀድም። የአባትዎ የኢትዮጵያ ጡረታ በአሜሪካ ሕግ እንደ ማንኛውም ጡረታ ታክስ የሚታሰብበት ገቢ ነው። ግን በዶላር ሲመነዘር በጣም ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ምንም ታክስ አያመጣም። ከደብዳቤዎ ውስጥ ብዕሬን ያስነሳኝም ጡረታው አይደለም። መጨረሻ ላይ «ለነገሩ» ብለው ጣል ያደረጓት የሳሪስ ቤት ናት።

መጀመሪያ ግን ጡረታውን እንጨርስ።

አንድ ሰው ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ ከኖረ ለታክስ ጉዳይ እንደ ዜጋው ነው የሚታየው። ገቢው ከየትም አገር ይምጣ፣ በየትኛውም ገንዘብ ይከፈል፣ ይቆጠራል። «ወደ አሜሪካ አላመጣሁትም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ገንዘቡ አባትዎ ሊያዙበት በሚችሉት ሒሳብ ከገባ ተቀብለውታል ማለት ነው። ወንድምዎ አውጥቶ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቢከፍልበትም ያው ነው። አባትዎ ተቀብለው ለልጃቸው ሰጡ ተብሎ ይታያል። ከአገር ሊወጣ የማይችል ገንዘብን ታክስ የማዘግየት ደንብ አለ፣ አውቃለሁ። ያ ግን እዚያው አገር ውስጥ ወጪ እየተደረገ ላለ ገንዘብ አይጠቅምም፤ ለዚህ መጠን ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ከገንዘቡ በላይ ያደክማል።

ታዲያ የጀርመኑ ጡረታ ለምን ተለየ? የአሜሪካ ሕግ ለሶሻል ሴኩሪቲ ለየት ያለ ርኅራኄ አለው። ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ከሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ምንም አይከፍልም። ገቢው ከፍ ሲል እንኳ ታክስ የሚታሰበው ቢበዛ በ85 በመቶው ላይ ነው። ስሌቱ የሚጀምረው የሰውዬው ሌላ ገቢ ከሶሻል ሴኩሪቲው ግማሽ ጋር ተደምሮ ለነጠላ ሰው 25,000፣ ለባልና ሚስት 32,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። ይህ ሁሉ ግን የተጻፈው ለአሜሪካው ሶሻል ሴኩሪቲና ለምድር ባቡር ሠራተኞች ጡረታ ከፊል ብቻ ነው። የሌላ አገር ሶሻል ሴኩሪቲ በራሱ እዚያ ውስጥ አይገባም። የሚያስገባው ነገር ቢኖር የታክስ ውል ነው።

ጀርመንና አሜሪካ እንዲህ ያለ ውል አላቸው። ውሉ አንዱ አገር ለሌላው አገር ነዋሪ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የነዋሪነቱ አገር የራሱ ጡረታ እንደሆነ ተቆጥሮ እዚያ ብቻ ታክስ ይደረግ ይላል። ስለዚህ እኚያ አባት የጀርመኑን ገንዘብ የሚያስገቡት የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ በሚገባበት መስመር ላይ ነው። ሌላ ገቢያቸው ትንሽ ከሆነ ዜሮ ይወጣል። «ከፍዬ አላውቅም» ያሉት ለዚህ ነው። የካናዳውም በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል።

ውል አለ ማለት ሁልጊዜ ነጻ ነው ማለትም አይደለም። የእንግሊዝን የመንግሥት ጡረታ (ስቴት ፔንሽን) እየተቀበለ አሜሪካ የሚኖር ሰው ታክስ የሚከፍለው ለአሜሪካ ብቻ ነው፤ ግን እንደ ተራ ጡረታ ነው የሚታየው። የእስራኤሉ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። የቢቱዋህ ለኡሚ፣ ማለትም የእስራኤልን ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ይዞ ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው፣ በሁለቱ አገሮች ውል መሠረት በሁለቱም በኩል ነጻ ነው። ከቴል አቪቭ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጡ ወገኖች ይህንን ሳያውቁ ሲከፍሉ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ውል የላቸውም። የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮን የሚያገናኝ ስምምነትም የላቸውም። ስለዚህ የአባትዎ ጡረታ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። በተራው ሕግ ይዳኛል፦ የውጭ አገር ጡረታ ነው፣ ሙሉውን ገቢ ነው። ታክስ መሙላት ቢኖርባቸው የሚገባው በዋናው የታክስ መሙያ ወረቀት፣ በፎርም 1040 የጡረታና የአኒዩቲ መስመር፣ በ5ኤ እና በ5ቢ ላይ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲው 6ኤ ላይ አይደለም። ታክስ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ይሳሳታሉ፤ «ሶሻል ሴኩሪቲ» የሚል ቃል ሲሰሙ እጃቸው ወደ 6ኤ ይሄዳል።

ሁለት የማያስኬዱ አቋራጮችም አሉ። አንዱ በውጭ አገር የተሠራ ገቢን ከታክስ የሚያወጣው ፎርም ነው። ያ ለደመወዝ ነው፤ ጡረታ ደመወዝ አይደለም። ሌላው በውጭ የተከፈለ ግብርን ማቀናነስ ነው። እንደጻፉልኝ ከጡረታው ላይ ግብር አልተቆረጠም፤ ያልተከፈለ ነገር አይቀናነስም።

አንድ ትንሽ ማቅለያ ግን አለ። አባትዎ ሲያስተምሩ ከደመወዛቸው የጡረታ መዋጮ ይቆረጥ ነበር። አሁን ባለው ሕግ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ ድሮ ያነሰ ነበር። የራሳቸው ድርሻ ግብር ከተከፈለበት ደመወዝ የወጣ ከሆነ አሜሪካ ያንን ገንዘብ ሁለተኛ ታክስ አታደርገውም፤ በየዓመቱ ከጡረታው ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ይመለሳል። መርሁ ደስ ይላል። ግን የ1970ዎቹን የደመወዝ ፔሮል ፍለጋ መዝገብ ቤት የሚገባ ማን ነው? በዚህ መጠን ላለ ጡረታ ይተዉት፣ ሙሉውን ይቁጠሩ። ከዓለም አቀፍ ድርጅት ትልቅ ጡረታ የሚቀበል ሰው ከሆነ ግን ያንን ስሌት መዝለል የለበትም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለስሌት እንዲመቸን 1 ዶላርን በ140 ብር እንያዝ። እርስዎ ሲሠሩት ገንዘቡ ሒሳብ በገባበት ቀን የነበረውን የባንክ ምንዛሪ ወይም የዓመቱን አማካይ ይጠቀሙ፤ አንዱን መርጠው በዚያው ይጽኑ። 8,400 ብር በ12 ወር 100,800 ብር ነው። ሲመነዘር 720 ዶላር። የዓመቱ ማለቴ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ላይ ብሩ በገበያ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት፣ ዶላሩ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ ይኸው ጡረታ ከ1,700 ዶላር በላይ ነበር። ለአባትዎ መራራ ዜና ነው። ለታክሱ ግን ይቀላል።

ለ2025 ዓመት አንድ ዕድሜው 65 የሞላ ነጠላ ሰው በማንም ዲፔንደንትነት ካልተያዘ ገቢው 17,750 ዶላር እስኪደርስ ታክስ መሙላት አይጠበቅበትም። አብረው የሚሞሉ፣ ሁለቱም 65 ያለፉ ባልና ሚስት ደግሞ እስከ 34,700 ዶላር። 720 ዶላር ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ «በቃ ተገላገልን» ይላል።

እርስዎ ግን ዲፔንደንት አድርገው ሊይዟቸው ነው። በሌላ ሰው የታክስ ወረቀት ላይ የተያዘ ሰው መስመሩ ዝቅ ይላል። 65 ዓመት ያለፈው ያገባ ዲፔንደንት ያለ ሥራ የሚያገኘው ገቢ፣ ማለትም ጡረታ፣ ኪራይ፣ ወለድ፣ ከ2,950 ዶላር ካለፈ የራሱን ታክስ መሙላት አለበት። ያላገባ ወይም ባሏ የሞተባት ከሆነች 3,350 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ልጆች ወላጆቻቸውን ይይዛሉ፤ ወላጆቹ የራሳቸው ግዴታ እንዳለባቸው ማንም አይነግራቸውም።

ሌላም መስመር አለ። ወላጅን ለመያዝ የወላጁ ጥቅል ገቢ በ2025 ከ5,200 ዶላር ማነስ አለበት። ጥቅል የምትለውን ያስምሩባት። ኪራይ ሲቆጠር የጥገና ወጪ፣ የደላላ፣ የግብር ተብሎ አይቀነስም። ተከራዩ የከፈለው በሙሉ ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ ከወላጁ መተዳደሪያ ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑት እርስዎ መሆን አለብዎት። እርስዎ ቤት እየኖሩ፣ እርስዎ እየመገቧቸው፣ ጡረታው ደግሞ አዲስ አበባ እየቀረ ስለሆነ በዚህ በኩል አልሰጋም።

አሁን የሳሪሷ ቤት ትግባ። 40,000 ብር በ12 ወር 480,000 ብር፣ ወደ 3,429 ዶላር። በአባትዎ ላይ ብቻ ከተቆጠረ ከጡረታው ጋር 4,149 ዶላር ይሆናል። ከ5,200 በታች ነው፤ ስለዚህ ዲፔንደንት ሆነው መያዝ ይችላሉ። ከ2,950 ግን አልፏል። አባትዎ የራሳቸውን ታክስ መሙላት አለባቸው ማለት ነው።

ቆይ ግን። ቤቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ታክስ ሠሪ እንዳይሄዱ። ካርታው በአባትዎ ስም ብቻ ቢሆንም ነገሩ በዚያ አያበቃም። በ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። አሜሪካ ደግሞ የንብረቱን ባለቤት የምትለየው ቤቱ ባለበት አገር ሕግ ነው። ስለዚህ አባትና እናትዎ ተጋብተው ሳሉ የገዙት ወይም የሠሩት ቤት ከሆነ የኪራዩ ግማሽ የእናትዎ ነው።

ስሌቱን እንደገና እንሥራው። አባትዎ፦ ጡረታ 720፣ የኪራይ ግማሽ 1,714፣ ድምር 2,434 ዶላር። እናትዎ፦ 1,714 ዶላር። ሁለቱም ከ2,950 በታች ናቸው። ሁለቱም ታክስ መሙላት አይኖርባቸውም። ሁለቱንም እርስዎ መያዝ ይችላሉ። ቤቱ ያው ቤት፣ ኪራዩ ያው ኪራይ ነው፤ መልሱ ግን ተገለበጠ። የጋብቻ የምስክር ወረቀታቸውንና ቤቱ የተገዛበትን ውል ቅጂ ይያዙ። ማንም ላይጠይቅዎት ይችላል፤ ከጠየቀ ግን መልስዎ ያ ወረቀት ነው።

ቤቱ አባትዎ በውርስ ያገኙት ወይም ከጋብቻ በፊት የነበራቸው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ያኔ የኢትዮጵያን የቤተሰብ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጭምር ያማክሩ። ኪራዩ በሙሉ የእሳቸው ነው ከተባለ አባትዎ ብቻቸውን ይሙሉ። «ያገባ፣ ለየብቻ የሚሞላ» በሚለው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አለ፦ «አባትና እናቴ ናቸው፣ አብረው ይሙሉ» ብሎ የጋራ ወረቀት ማስገባት። የጋራ ወረቀት የሞሉ ባልና ሚስትን ሌላ ሰው ዲፔንደንት አድርጎ መያዝ አይችልም፤ የተለየ የሚሆነው ተቆርጦ የነበረ ታክስ ለማስመለስ ብቻ የሞሉ ከሆነ ነው። በዚያች አንዲት ፊርማ እርስዎ ለእያንዳንዳቸው ከታክስዎ የሚቀነስልዎትን 500 ዶላር ያጣሉ። ያላገቡ ስለሆኑ ደግሞ የቤተሰብ አስተዳዳሪነቱንም (ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ የሚባለውን የታክስ አሞላል) ያጣሉ፤ እሱ ነው ትልቁ ገንዘብ። በ2025 የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሆኖ የሚሞላ ሰው ከታክስ ነጻ የሚሆንለት 23,625 ዶላር ነው፤ ነጠላ ሆኖ የሚሞላው 15,750 ዶላር ብቻ።

አባትዎ ለብቻቸው ቢሞሉ የሚከፍሉት ምን ያህል ነው? 4,149 ሲቀነስ 2,950፣ 1,199 ይቀራል። በ10 በመቶ ሲታሰብ ወደ 120 ዶላር። ይህም የቤቱ ጥገናና የእርጅና ቅናሽ ሳይነሳ ነው። አዲስ አበባ የኪራይ ገቢ ግብር ከፍለው ከሆነ ደግሞ፣ ከጡረታው በተለየ፣ እሱ ይቀናነሳል። ደረሰኙን ወንድምዎ ይላክልዎ። በመጨረሻ ዜሮ ቢወጣ አልገረምም። ዜሮም ቢሆን ግን ወረቀቱ ይገባል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁሉም ነገር በአባትዎ ላይ ከተቆጠረ ወደ 5,200 ዶላሩ የቀረው ክፍተት በብር 147,000 ገደማ ነው። የወር ኪራዩ በ12,300 ብር ቢጨምር አለቀ፤ አባትዎን መያዝ አይችሉም። አከራይ ኪራይ ጨመረ ብሎ የሚቆጣ ልጅ ብዙም አላየሁም፤ እርስዎ ግን ምክንያት አለዎት።

ከታክሱ ጎን አንድ ሌላ ወረቀት አለ፤ ሰዎች ኤፍባር ይሉታል። ታክስ አይደለም፣ ማሳወቂያ ነው። አንድ የአሜሪካ ነዋሪ በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማሳወቅ አለበት። በእኛ ስሌት 1.4 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ጡረታው ወጪ እየተደረገ ስለሆነ ብቻውን እዚያ አይደርስም። ኪራዩም እዚያው ከተጠራቀመ፣ ወይም አንድ ቀን መሬት ወይም መኪና ተሸጦ ገንዘቡ ለአንዲት ሳምንት ሒሳብ ውስጥ ካደረ ግን ይደርሳል። ታክስ የማይሞላ ሰውም ቢሆን ይህንን ያስገባል። ቀኑ ሚያዝያ 15 በፈረንጆቹ ነው፤ ካለፈ ሳይጠይቁ እስከ ጥቅምት 15 ይራዘማል።

ውክልናው የወንድምዎ መሆኑ ለእርስዎ መልካም ነው። እሱ ኢትዮጵያ ነው፣ አሜሪካ አይመለከተውም። ውክልናው በእርስዎ ስም ቢሆንና ከሒሳቡ ማውጣት የሚችሉ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ የእርስዎ ባይሆንም እርስዎም ለራስዎ ኤፍባር ማስገባት ይኖርብዎ ነበር። ይህ የብዙ ልጆች ወጥመድ ነው። ሳያውቁ ለቀሩበት እንኳ ሕጉ ያስቀመጠው ቅጣት 10,000 ዶላር ነበር፤ አሁን ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየተስተካከለ ከዚያ አልፏል። በተግባር ሳያውቅ ቀርቶ ራሱ ቀርቦ ላሳወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

የግሪን ካርዱን ወሬ ልዝጋው። መሙላት የማይጠበቅበት ሰው ባለመሙላቱ ግሪን ካርዱን አያጣም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ጊዜው ያለፈ ያልተከፈለ ታክስ አለብህ ወይ፣ ራስህን ነዋሪ አይደለሁም ብለህ ሞልተህ ወይም በዚያ ምክንያት ሳትሞላ ቀርተህ ታውቃለህ ወይ እያለ ይጠይቃል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። «የኢትዮጵያ ገቢ እንዳይቆጠር ነዋሪ ባልሆነ ሰው ፎርም እንሙላላቸው» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠመዎ ወረቀትዎን ሰብስበው ይውጡ።

በክፍለ ግዛቱ በኩል አጭር ነው። ቨርጂኒያ የአሜሪካን ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ አታደርግም፤ የኢትዮጵያው ግን በጡረታ መስመር ስለሚገባ ያ ነጻነት አይነካውም። 65 ላለፈው ሰው እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ የዕድሜ ቅናሽ ስላላት የአባትዎ ገቢ እዚያ ውስጥ ይዋጣል።

አንባቢዎች አንድ ጥያቄ እንደሚያስከትሉ ስለማውቅ፦ እዚህ ሠርተው የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያገኙና የኢትዮጵያ ጡረታም ያላቸው ሰዎች፣ ቀድሞ የውጭው ጡረታ የአሜሪካውን ይቀንስባቸው ነበር። ያ ደንብ በፈረንጆቹ ጥር 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ያለው ክፍያም ይታረማል። እስካሁን የእናንተ ካልተስተካከለ ደውላችሁ ጠይቁ። ለታክስ ግን የኢትዮጵያው ጡረታ ከላይ ባልኳቸው 25,000 እና 32,000 ስሌቶች ውስጥ እንደ ሌላ ገቢ ይደመራል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከታክሱ ይልቅ የማስብበት ነገር ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆኑ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚከፍለው ድጎማ ነው። አባትዎ እዚህ ስላልሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት እስኪያገኙ አይፈቀድላቸውም። ያኔ ሲያመለክቱ ጡረታው ይጠየቃል፤ በወር 60 ዶላር ነው፣ የመጀመሪያው 20 ዶላር ታልፎ 40ው ከክፍያቸው ይቀነሳል። ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ቤቱ ነው። ኤስኤስአይ የባልና ሚስት ንብረት ከ3,000 ዶላር እንዳያልፍ ይጠይቃል፤ የማይኖሩበትና ሊሸጥ የሚችል ቤት ደግሞ አዲስ አበባም ሆነ የትም ይሁን ይቆጠራል። «በወንድሜ ስም እናዞረዋለን» ካሉ፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በነጻ ወይም ከዋጋው በታች የተላለፈ ንብረት ይጠየቃል፤ ለተወሰኑ ወራት ክፍያ ሊያስከለክልም ይችላል። ዜግነት የሚጠየቀው ግሪን ካርድ በተያዘ በአምስት ዓመቱ አካባቢ ስለሆነ፣ የቤቱን ነገር ከወላጆችዎና ከወንድምዎ ጋር ቁጭ ብለው ለመነጋገር ጊዜው አሁን ነው።